የማይፈተሸው ጭነት

ሮማነወርቅ ሚኒባሱ በቅጡ ሳይቆም ዘላ ገባች። ረዳቱ ክንዷን ይዞ ወደ ውስጥ ሳባትና በሩን ጎትቶ ዘጋው።

«ቀስ በይ እህቴ፤ ጦርነቱ ገና ደብረ ሲና ነው» አለ።

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። የኅዳር ውርጭ ከሱሉልታ ሜዳ ላይ ገና አልተነሣም፤ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተከመረው ድርቆሽ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። በሬዲዮው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን የሚያስታውስ ማስታወቂያ ይነበባል፤ ያልተመዘገበ መሣሪያ፣ ጥይትም ሆነ የጥይት ክፍል ይዞ የተገኘ ሁሉ ይጠየቃል ይላል። ሮማነወርቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ከአንድ ሰዓት በፊት ከአባቷ ግቢ ብረት ጭኖ ለወጣው ለአይሱዙው ሾፌር፣ ለዱባለ፣ የት እንደደረሰ ብቻ ልትጠይቀው ደወለች። ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች።

አባቷ አቶ ፍቅረሥላሴ በሱሉልታ መንገድ ዳር የውዳቂ ብረት ግቢ አላቸው። «ቆራሌው» እያሉ በየመንደሩ የሚዞሩ ሰዎች የለቀሙትን ይገዛሉ፤ ለይተው ሰበታ ላለ አንድ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ይሸጣሉ። ሮማነወርቅም ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ስታጣ ሚዛኑን ያዘች። ፋብሪካው እስከ አምና ድረስ የወፍጮ መዘውርና የመንገድ ጉድጓድ ክዳን ያወጣ ነበር። ዘንድሮ የሚያወጣው የሞርታር ቀፎ ነው። የውጭ ምንዛሪ ስለጠፋ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ብረት ቀርቷል፤ ምድጃው የሚበላው የአገሩን ውዳቂ ብቻ ሆነ። ውዳቂው ሲወደድ ደግሞ ያልወደቀውም መነቀል ጀመረ። ሰው የመንገድ አጥር፣ የድልድይ መደገፊያ እየቆረጠ ያመጣል። ፋብሪካው ራሱ ያወጣቸው የጉድጓድ ክዳኖች ምልክታቸው እንዳለ ተሰርቀው ወደ ፋብሪካው ይመለሱና ቀፎ ይሆናሉ።

አቶ ፍቅረሥላሴ የተሰረቀ አይገዙም። በዚህ ምክንያት ሌሎቹ ነጋዴዎች በላይ በላዩ እየከፈሉ ብረቱን ወሰዱባቸው። በኦክስጅን መቁረጥና መበየድ ያስተማሩትን፣ በቤታቸው ያደገውን ዲሪባን ደግሞ ፋብሪካው በሦስት እጥፍ ደመወዝ ወሰደው። የቀራቸው ስማቸው ነበር። ሌላው ነጋዴ ቱቦ ውስጥ አሸዋ ሞልቶ፣ ጫፍና ጫፉን በይዶ፣ አሸዋውን በብረት ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ ሰበታ ላይ የማንም የተዘጋ ቱቦ ሳይቆረጥ አያልፍም። የፍቅረሥላሴ ጭነት ግን አይፈተሽም። ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ወደ ምድጃው ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት ከፍቼ መንገድ የመጣ ሾፌር ሁለት ጆንያ የተተኮሰ የዲሽቃ መትረየስ ባዶ ቀለህ ይዞ ግቢያቸው ገባ። ንጹህ ናስ ነው። ናስ ማለት በዚያን ጊዜ ከብረቱ ብዙ እጥፍ የሚያወጣ፣ አንድ የደከመ ግቢ ለአንድ ወር የሚያቆም ነገር ነው። ቡራዩ ውስጥ ናስ አቅልጦ ለወፍጮ የሚሆን ቡሽ፣ ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት፣ የሚያወጣ ኦዳ የሚባል ባለሙያ ይገዛቸዋል። ችግሩ ኬላው ነበር፤ ቀለህ ይዞ የተገኘ ይታሰራል። አቶ ፍቅረሥላሴ ትናንት አመሻሽ ላይ ከመጋዘኑ ጀርባ ቀለሁን በአንድ ወፍራም ቱቦ ሞልተው፣ ሌላው ነጋዴ እንደሚያደርገው፣ ሁለቱንም ጫፍ በየዱት። ሮማነወርቅ የብየዳውን ብርሃን በመስኮት አይታለች። ምን እየሠራህ ነው ብላ ግን አልጠየቀችም።

ዛሬ ጠዋት ቱቦው ከብረቱ ጋር ተጭኖ ሄደ። ዱባለ ቡራዩ ላይ ለኦዳ አውርዶት ወደ ሰበታ ይቀጥላል። መኪናው ከወጣ በኋላ ሮማነወርቅ ባዶውን ጆንያ ስታራግፍ ሁለት ጥይቶች እግሯ ሥር ወደቁ። አረራቸው ገና ከቀለሁ አልተለየም።

«አባዬ፣ እነዚህ አልተተኮሱም» አለች።

አቶ ፍቅረሥላሴ አንዱን አንሥተው አገላበጡት፤ ቀስ አድርገውም መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ባዶ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ።»

«ቱቦው ውስጥስ?»

«በአካፋ ነው የሞላሁት» አሉ። መቀመጫ ፈልገው የተገለበጠ በርሜል ላይ ቁጭ አሉ። ስልኳን ስታወጣ ግን ተነሥተው እጇን ያዙት። «በስልክ አይሆንም። እዚህ አገር አሁን የማይሰማ ስልክ የለም። ቡራዩ ሂጂና ለኦዳ ብቻ ንገሪው። ሳይነካካው እንዲያስቀምጠው።»

«ቡራዩ ካልወረደስ?»

«ይወርዳል። ለዱባለ አደራ ብዬዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሚኒባሱ የሮጠችው።

አዲሱ ገበያ ላይ ወርዳ ሌላ ሚኒባስ ያዘች፤ አስኮ ላይ ደግሞ ሌላ። ቡራዩ ስትደርስ ጀርባዋ በላብ ርሷል። የኦዳ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ባልተለሰነ ግድግዳ መካከል ያለ ቶርኖ ቤት ነው። በሩ ላይ ቱቦ የለም።

ኦዳ ከማሽኑ ቀና ሳይል «አካም ጂርታ፣ እንደምን ነሽ፣ የመምህር ፍቅረሥላሴ ልጅ» አለ። አባቷን መምህር የሚላቸው በሚዛን ጉዳይ ስለሚያስተምሩት ነው፤ በፊት ይህን ሲል ትስቅለት ነበር። «አባትሽ ዛሬ ቱቦ ልኮልኛል፤ ልጁንም ጨምሮ ላከ እንዴ?»

«ዱባለ አላወረደውም?»

«ሳይቆም አለፈ እኮ። ክላክሱን እየነፋ፣ 'ምድጃው ጠምቶታል፣ ከሰበታ እየጮሁብኝ ነው፣ ስመለስ' ብሎኝ አለፈ።» አሁን ቀና አለ። «ምነው? ፊትሽ ምን ሆነ?»

ሮማነወርቅ ማሽኑ ላይ የሚሠራውን ሌላ ሠራተኛ አየች። ኦዳ ሠራተኛውን ሻይ እንዲጠጣ ላከው። ነገረችው። ስትጨርስ ኦዳ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር፤ ከጸዳ በኋላም መጥረጉን አልተወም።

«እኔ ስለ ቱቦ የማውቀው የለም» አለ።

«ኦቦ ኦዳ...»

«ቆይ ስሚኝ። እነሆ፣ እኔም የፋብሪካውን ሥራ ነው የምሠራው።» ከማሽኑ ሥር ወዳለ ሳጥን ጠቆመ፤ ሳጥኑ ሙሉ አዲስ የተቆረጠ፣ ጥርስ የወጣለት ክብ ብረት ነው፤ የቀፎው አፍ የሚገጠምበት። «የጫንጮ ሰው የወፍጮዬን ቡሽ ቀይርልኝ ብሎ ሰጥቶኝ ከሄደ ስንት ጊዜው፤ ሕዝቡ እህል ተሸክሞ ፍቼ ድረስ ይሄዳል። ቶርኖዬ አልደረሰለትም። ይህን ካልሠራሁ ኤሌክትሪክ አይለቁልኝም። አሁን ደግሞ ቀለህ ገዛህ ተብዬ ልታሰር?»

«ዲሪባ ምድጃው ላይ ነው የሚሠራው» አለች።

ኦዳ ጨርቁን ወረወረው። ዲሪባን ያውቀዋል፤ ከአባቷ ግቢ ናስ ሲጭንለት ኖሯል።

«መኪናዬ ጋ ሂጂ» አለ።

የኦዳ መኪና አንዱ በሯ ሌላ ቀለም የሆነ አሮጌ ዲኤክስ ናት። በአንፎ በኩል አቋርጠው አየር ጤና ወጡ። ኦዳ ከንፈሩን እየነከሰ ይነዳል። ሮማነወርቅ አሁን የአባቷን ትእዛዝ ትታ ወደ ፋብሪካው ደወለች፤ የቢሮው መስመር አይሠራም። የምርት ኃላፊው የኢንጂነር ተክሉ ስልክ ጠራ፣ አልተነሣም። ፋብሪካው የጦር ዕቃ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ኃላፊም ሆነ ሠራተኛ ስልኩን በር ላይ ካለው ሳጥን ሳያስቀምጥ አይገባም። ዱባለም ገብቷል ማለት ነው።

«ምን ልትያቸው ነው?» አለ ኦዳ።

«አንድ ሾፌር ነገረኝ እላለሁ። ማን እንደሆነ አላውቅም እላለሁ።»

«እሱ ይሻላል። አባትሽንም እኔንም አታንሺ።»

ፉሪ ኮረብታ ሥር ወጣቶች ገመድ ወጥረው መኪና ያስቆማሉ። ክንዳቸው ላይ ቢጫ ጨርቅ አስረዋል፤ ሁለቱ ዱላ፣ አንዱ አሮጌ ጠመንጃ ይዘዋል። አንዱ የኦዳን መኪና የኋላ ሳጥን ከፍቶ ክብ ብረት አገኘና አወጣው።

«ይሄ ምንድነው?»

«የፋብሪካ ሥራ ነው፣ ፈቃድ አለኝ።»

«ፈንጂ ነገር አይደለም?»

«ገና ፈንጂ አልሆነም» አለ ኦዳ።

ልጁ አልሳቀም። አለቃውን ጠራ፤ አለቃው ሌላ መኪና እየፈተሸ ስለነበር ጠበቁ። ከፊታቸው ድርቆሽ የጫነ ጋሪ በዝግታ አለፈ። ሮማነወርቅ በሕይወቷ ለማታውቀው ሰው ቀድማ ተናግራ የማታውቅ ናት፤ አሁን ግን ወርዳ ልጁ አጠገብ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ሰበታ ያለ ሰው ሊሞትብኝ ነው» አለችው።

ልጁ ዓይኗን አየ። ብረቱን መልሶ አስቀመጠና ገመዱን አወረደው።

ኦዳ ከፋብሪካው በር ራቅ ብሎ፣ የሲሚንቶ መደብር ጎን አቆመ። «ከዚህ በላይ አልሄድም» አለ፤ አላየችውም፣ እሱም አላያትም። በሩን ሳትዘጋው ሮጠች።

የበሩ ጥበቃ የደበዘዘ ወታደራዊ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ የቀድሞ ሠራዊት አምሳ አለቃ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል።

«ዛሬ ጎብኚ የለም። ምድጃ እየሞላ ነው።»

«አምሳ አለቃ፣ ኢንጂነር ተክሉን አሁኑኑ ይጥሩልኝ። እባክዎ።»

«በምድጃ ሰዓት እሱ እናቱ ብትሞትም አይወጣም።»

«የፍቅረሥላሴ ልጅ ነኝ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ፈታ አለ። «የሱሉልታው? ታዲያ ከመጀመሪያው አትይም» አሉና በሩን ከፈቱላት። «የእናንተ ዕቃ ነው አሁን የሚገባው። ግቢ፣ ግቢ። ስልክሽን ብቻ።»

ስልኩን ሳጥኑ ውስጥ ጣለችውና ወደ አዳራሹ ሮጠች።

ግቢው ውስጥ ያለቀለት ቀፎ እንደ ጡብ ተደርድሯል፤ ገና ቀለም አልነካውም። አጠገቡ የጉድጓድ ክዳን ተቆልሏል። አዳራሹ ውስጥ የምድጃው ጩኸት ከጆሮ አልፎ ጥርስ ውስጥ ይገባል። የዱባለ አይሱዙ ጭነቱ ግማሽ ድረስ ተራግፎ ቆሟል፤ ዱባለ ራሱ አጠገቡ የለም። ከላይ ክሬኑ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ እንደ መኪና ጎማ ክብ የሆነ ማግኔት ተንጠልጥሎ ብረቱን በጅምላ እየነከሰ ያነሣል። ክሬኑን የምትነዳው ማርቲ የምትባል ልጅ ናት፤ ከመስታወት ቤቷ ውስጥ አፏን በሻርፕ ሸፍናለች።

ሮማነወርቅ ከቀረው ጭነት ውስጥ ቱቦውን በዓይኗ ፈለገች። ቱቦው የለም። «አቁሙ» አለች። ድምፅዋን ራሷም አልሰማችውም። ደግማ አለች። ማንም አልዞረም። ያኔ ምድጃው ወዳለበት ከፍታ የሚያወጣውን የብረት መሰላል ወጣች፤ ከሠራተኛ በቀር የሚወጣበት የለም። ዲሪባ እዚያ ነው፣ ረጅም መንጠቆ ይዞ፣ ፊቱን ከቀለጠው ብረት ብርሃን አዙሮ። እጅጌውን ያዘችው።

«ሮሚ?» ጭንብሉን ወደ ላይ ገፋው። «ጋሼ ደህና ናቸው?»

«የተበየደ ቱቦ አለ። እንዳይገባ።»

«በጋሼ ጭነት?» ዲሪባ ሳቀ፤ በጩኸቱ ውስጥ ጥርሱ ብቻ ታየ። «ለኪ፣ አይሆንም፣ ሮሚ። ጋሼ ቱቦ አይበይዱም። የሌላ ሰው ይሆናል።»

ኢንጂነር ተክሉ በመሰላሉ ወጣ። ከአርባ የማያልፍ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ዲሪባ በጆሮው ጮኾ ነገረው።

«ማነው የነገረሽ?» አለ ኢንጂነሩ።

«አንድ ሾፌር። ፈንጂ ያለበት ቱቦ ተጭኗል አለኝ። ስሙን አላውቅም።»

ኢንጂነሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «እህቴ፣ ባለፈው ሳምንትም እንዲህ ብሎ የመጣ አለ። ተፎካካሪውን ለመጣል ነው። ቀኑን ሙሉ ስንፈትሽ ዋልን፣ ምንም የለም። እኔ ቀፎ የማስረክበው በመስከረም ዋጋ ነው። ብረቱን የምገዛው በዛሬ ዋጋ ነው። ምድጃው ግማሽ ላይ ቆሞ ከረጋብኝ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ የሚጠገንበት ጡብ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዶላር የለም። ግንባር ያለው ልጅ ደግሞ ዛሬ እፈልጋለሁ ይላል። በወሬ ላቁም?»

«እባክዎ...»

«አይተሻል?»

ኢንጂነሩ ወደ ክሬኑ ዞሮ እጁን ወደ ራሱ ሳበ፤ አምጪ ማለት ነው። ማርቲ አመጣች። ማግኔቱ የነከሰው ክምር ወደ ምድጃው አፍ ሲቃረብ፣ ከስሩ በኩል፣ ከጎማ ቸርኬና ከበር ማጠፊያ መካከል፣ ወፍራሙ ቱቦ ብቅ ብሎ ታየ።

«አባቴ ነው የበየደው» አለች ሮማነወርቅ። አሁን ጮኸች፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «በዓይኔ አይቻለሁ። ያውና። ውስጡ የዲሽቃ ቀለህ ነው፤ ያልተተኮሰ ጥይት አለበት። አባቴ ነው፣ ፍቅረሥላሴ ነው።»

የኢንጂነሩ እጅ ምሰሶው ላይ ወዳለው ቀይ ማጥፊያ ሄደ።

«እንዳይነኩት» አለ ዲሪባ። «ማግኔቱ ይለቃል።»

ኢንጂነሩ እጁን ከቀይ ማጥፊያው ላይ እንደ ሰረቀ ሰው አነሣ። ኤሌክትሪኩ ቢጠፋ ክምሩ በቀጥታ የቀለጠው ብረት ውስጥ ይወድቃል። በዚያ ወር ኤሌክትሪክ በሰበታ ሳይጠፋ የሚውልበት ቀን አልነበረም፤ እዚያ የቆሙት ሁሉ ይህንኑ ሲያስቡ በፊታቸው ይታወቃል። ዲሪባ መንጠቆውን መሬት ላይ አስተኝቶ፣ ሁለት መዳፉን ወደ ማርቲ ዘርግቶ፣ በዝግታ ገፋ። ማርቲ ከመስታወቱ ጀርባ አንገቷን ነቀነቀች። ክሬኑ ነቅነቅ አለ፤ ከክምሩ አንድ ቁራጭ ብረት ተላቆ ምድጃው ውስጥ ወደቀና እሳት ረጨ። ሮማነወርቅ ቱቦውን ብቻ ታያለች። ክሬኑ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከምድጃው አፍ ራቀ፣ ከከፍታው ጠርዝ አለፈ፣ ወደ ወለሉ ወረደ። ማርቲ ክምሩ መሬት እስኪነካ ጠበቀች፤ ከነካም በኋላ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ለቀቀችው።

ሰዎቹ ወደ በሩ ሸሹ። ዲሪባ ግን ወርዶ ቱቦው አጠገብ ተንበረከከ። ጓንቱን አውልቆ የተበየደበትን ጫፍ በጣቱ ዞረው። እንደ ዓሣ ቅርፊት እኩል እኩል የተደራረበ ብየዳ ነበር።

«የጋሼ እጅ ነው» አለ። ለማንም አይደለም የተናገረው።

ቱቦውን አራት ሰዎች በሳንቃ ተሸክመው፣ ሕፃን እንደያዙ፣ ከግቢው ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ወሰዱት። ምድጃው እንዳይረጋ ኢንጂነር ተክሉ የተቆለለውን የጉድጓድ ክዳን እንዲያስገቡ አዘዘ፤ ክሬኑም ወዲያው ሥራውን ቀጠለ። ግቢውን የሚጠብቁት ፌዴራል ፖሊሶች መጥተው ሮማነወርቅን ጠየቋት፤ የተናገረችውን ደግማ ተናገረች። ስለ ኦዳ አልጠየቋትም፣ እሷም አላነሣችም።

ዲሪባ ኢንጂነሩን ወደ ጎን ወስዶ ሲለምነው ታየዋለች። «እኔ ስፈትሽ አገኘሁት እንበል። የማንም ጭነት ውስጥ ይገኛል። ስም ለምን ይነሣል?»

«ሠላሳ ሰው ሰምቷል» አለ ኢንጂነሩ። ክፋት አልነበረበትም፤ ደክሞታል። «የጦር ዕቃ ግቢ ነው ዲሪባ። ከዛሬ ጀምሮ የማንም ጭነት ሳይፈተሽ አይገባም። የማንም።»

ዲሪባ ወደ እሷ መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ፊቱ ላይ ጥላሸትና ላብ ተቀላቅሏል።

«እንደ ሌላው ሰው ብፈትሻቸው ኖሮ፣ አንቺ ይህን አትናገሪም ነበር» አለ።

«ብትሞትስ ኖሮ?»

«አልሞትኩም» አለ፤ በአነጋገሩ ግን ራሱ አፈረ። ቆይቶ፣ «ጋላቶማ» አላት፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ጭንብሉን መልሶ አጥልቆ ወደ መሰላሉ ሄደ።

አምሳ አለቃው ፊቷን ሳያዩ ስልኳን መለሱላት። አባቷ ደጋግመው ደውለዋል። በሩ አጠገብ ቆማ ደወለችላቸው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ አነሡት።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ዲሪባስ?»

«ደህና ነው። ሁሉም ደህና ናቸው።»

የአባቷ ትንፋሽ ስልኩ ውስጥ ሲወጣ ሰማች። «ተመስገን። በቃ፣ በይ ነይ። ሚዛን ላይ ሰው ቆሞብኛል።»

«አባዬ፣ ነግሬአቸዋለሁ።»

ከአባቷ ጀርባ የግቢው ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሰው ብረት ከትከሻው አራገፈ።

«ያንተን ስም ነው የነገርኳቸው» አለች። «ካልነገርኳቸው አያቆሙም ነበር።»

«አያቆሙም» አሉ አቶ ፍቅረሥላሴ። «እኔም ብሆን አላቆምም ነበር።» ከዚያም ስለ ፖሊሶቹ ጠየቁ። «ወጥተዋል?»

ሰማያዊው የፖሊስ ፒክአፕ ከበሩ ወጥቶ፣ ወደ ፉሪ አቅጣጫ ሲታጠፍ አየችው።

«አሁን ወጡ። ወፍራም ልብስ ልበስ፣ አባዬ።»

«እሺ። ቆይ እስቲ፣ ይሄን ሰው ልሸኘው፤ ከሩቅ ነው የመጣው።»

ስልኩን ሳይዘጉት የሆነ ቦታ አስቀመጡት። ሮማነወርቅም አልዘጋችውም። የሚዛኑ ሰንሰለት ሲንቀጫቀጭ፣ ብረቱ ሲሰቀል ሰማች፤ ከዚያም የአባቷን ድምፅ፣ እንደ ሁልጊዜው ረጋ ያለ፤

«ና ወዲህ፣ ጠጋ በል። እኔ አልነግርህም፤ ሚዛኑን ራስህ አንብበው።»